ለይለፍ ቃል ሽማግሌ ላክሁ

ወንድ ልጅ ምስጢር አይችልም! አዎ፣ ብያለሁ። እርፍ ይችላል፣ ድግስ ይችላል፣ ጠላ እንኳ እስከ ጥግ ይችላል... ምስጢር ግን በጭራሽ! «ሴት ምስጢር አትጠብቅም» የሚለውን ወሬ ያስወራው ማን ይመስላችኋል? ወንድ ነው! ለዚያውም አንድ ሌላ ወንድ «በመካከላችን ይቅር» ብሎ ነግሮት ነው ያስወራው። አንተ አንባቢዬ አሁን ፊትህን አታጨማድድብኝ፤ የእኔን ጉድ እስከ ጫፍ ስማና ከዚያ ትፈርዳለህ።

እንደምታውቁት ኑሮዬ ፍኖተ ሰላም ነው። ይህችን የሳምንት ወግ ወደ እናንተ የምልካት በኢንተርኔት ነው። በስልክ የሚመጣው ኢንተርኔት ደግሞ በእኛ ሰፈር እንደ በጋ ዝናብ ነው፤ መጣ ሲሉት ይሄዳል፣ ሄደ ሲሉት አንዲት ጠብታ ጣል አድርጎ ያሾፋል። ስለዚህ ደጅ ጠንቼ፣ ለምኜ፣ በሽቦ የሚመጣውን ቤቴ አስገባሁ። ባለሙያዎቹ አንዲት ነጭ ሣጥን ግድግዳዬ ላይ ሰቀሉ፤ ሣጥኗ አረንጓዴ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ ማድረግ ስትጀምር፣

«ኢንክሪፕሽኑን፣ ማለት መቆለፊያውን፣ አንተ ታስተካክላለህ፤ ቀላል ነው» ብለውኝ ወደ ደምበጫ ተሳፈሩ።

ቀላል ነው ያሉትን ነገር ሰው ይንቀዋል፤ እኔም ናቅሁትና ተውሁት። ዋይፋዬ ያለ ቁልፍ፣ በሩ እንደተበረገደ ጎተራ አየር ላይ ዋለ፣ አደረ።

ወሬው ለመዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። አንድ ጧት ስወጣ የአጥሬ ሥር ሰው በሰው ሁኗል። ድንጋይ ያመጣ በድንጋይ፣ በርጩማ ያመጣ በበርጩማ ተቀምጦ፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ያያል። ለቅሶ ያለ መስሎኝ ደነገጥሁ! ከማንኩሳ ለገበያ የመጣ አንድ ሰውዬ አህያውን ከደጄ በር እጀታ ላይ አስሮ መዝሙር ያወርዳል። በሩን ልከፍት ብል አህያዋ አብራ ትጎተታለች።

«ይቅርታ ጌታው፣ አህያዎን...»

«ቆይ እንጂ ወንድሜ፣ ልትጨርስ ነው!»

«አህያዋ?»

«መዝሙሯ!»

ከሁሉም መካከል የማይቀር አንድ ሰው ነበር፤ ጎረቤቴ አያ ሞላ። አያ ሞላ ተወልደው ያደጉት ከቡሬ ወዲያ ባለው ገጠር ነው፤ አማርኛውንም አገውኛውንም እንደ ሁለት እጃቸው ያዝዙበታል። አንዲት ልጃቸው ዐረብ አገር ናት። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ለራሳቸው የመረጧት አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጡና ልጃቸውን በቪዲዮ ያነጋግራሉ። ስልኩን አንዳንዴ ገልብጠው ስለሚይዙት ልጅቱ አባቷን በግንባራቸው ተተክለው እያየች ታወራ ነበር። የአያ ሞላስ አይከፋኝም። የሌላው ግን... አጥሬ ራሱ ተደጋፊ በዝቶበት ወደ ውስጥ አጋደለ!

ይህም ባልከፋ፤ ግን የእኔው ወግ አልሄድ አለች። ላክ እላታለሁ፣ ሣጥኗ ታምጣለች፣ ታምጣለች... ወዲያው አርታኢዬ ይደውላል።

«ወጓ የት ደረሰች?»

«መንገድ ላይ ናት።»

«በእግሯ ነው እንዴ የምትመጣው?»

ባለቤቴን ሙሉነሽን አማከርኋት። ሙሉነሽ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ናት፤ ኮምፒውተር በእሷ ፊት ድምፁን አያሰማም። ገና ነገሩን ስጀምርላት ሳቀች።

«ኢንክሪፕሽን ሳታደርግበት ነው እንዴ እስካሁን? የምንጽፈውን፣ የምንልከውን ሁሉ እኮ መንገደኛው ሊያዳምጠው ይችላል!»

«ኢንክሪፕሽን ብናደርግበትስ?»

«ያኔ ቢሰማም አይገባውም። አንተ እናቴ ቤት ቡሬ ስንሄድ እንዴት ነው የምትሆነው? እኔና እናቴ በአገውኛ ስንጫወት አጠገባችን ተቀምጠህ፣ ድምፁን ሁሉ እየሰማህ፣ ራስህን ትነቀንቃለህ እንጂ ምን ይገባሃል? እንደዚያ ነው።»

እውነቷን ነው። ስንት ዘመን በትዳር ስኖር ከአገውኛ የያዝሁት «ብላ» እና «ጠጣ» የሚሉትን ብቻ ነው። እነሱም ቢሆኑ ያለ አስተርጓሚ የሚገቡ ናቸው።

በዚያው ቀን ከሣጥኗ ጋር ግብ ግብ ገጠምሁ። ገጿን ስከፍታት የቁልፍ ዓይነት ደርድራ አቀረበችልኝ፤ ሁሉም የሚጀምረው በ«ደብሊው» ነው። አንደኛው አሮጌ ነው፣ ልጅ ይሰብረዋል፤ ሌላኛው አዲስ ነው፣ ጠንካራ ነው ይላል። እኔም ጠንካራውን መረጥሁ፤ የይለፍ ቃል አበጀሁለት፤ «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫንሁ... ከአጥሩ ማዶ «እእእህ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ የሚያሰማት ድምፅ ናት፣ ታውቋታላችሁ። ድንጋይ ሲገፋ፣ በርጩማ ሲነሣ፣ አህያ ስትፈታ ሰማሁ። ንጉሥ የሆንሁ መሰለኝ!

ንግሥናዬ ግን ፀጉሬን ልቆረጥ እስክሄድ ድረስ ነበር።

ፀጉር ቆራጬ ይበልጣል ይባላል። ሱቁ ከቤታችን ፊት ለፊት ነው፤ ዋይፋያችን ዘው ብሎ ይገባበታል። እንግዲህ ፀጉር ቆራጭ ምላጭ አንገትህ ላይ አድርጎ ሲያወራህ ምን ትደብቃለህ?

«ምነው ወንድም ዓለም፣ እኔንም እንደ መንገደኛው ዘጋህብኝ?» አለኝ በሐዘን።

«ለአንተማ... ለአንተ ብቻ እነግርሃለሁ። ግን ከዚህ ቤት እንዳይወጣ!»

«በሞትሁት! ከዚህ ቤት አይወጣም።»

ነገርሁት። በማግስቱ አጥሬ ሥር ማንም የለም፤ የይበልጣል ሱቅ ግን እስከ ደጁ ሞልቷል። መላጣ ሳይቀር ተራ ይጠብቃል! ብገባ ምን ልይ? መስተዋቱ ላይ በትልልቁ የይለፍ ቃሌ ተጽፏል፤ ከሥሩም «ፀጉር ለተቆረጠ ዋይፋይ በነጻ» ይላል።

«አንተ ይበልጣል! ከዚህ ቤት አይወጣም አላልኸኝም?»

ይበልጣል ቅንጣት ሳያፍር ወደ መስተዋቱ ዘወር አለ።

«ታዲያ ወጣ እንዴ? ይኸው እዚሁ አይደል ያለው!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሙሉነሽ ይህን በሰማች ቀን ሣጥኗ ፊት ተቀምጣ ጣቶቿን አንደቀደቀች፤ የይለፍ ቃሉን ለወጠችው። ከዚያ ስልኬንና ኮምፒውተሬን ተቀብላኝ በገዛ እጇ አስገባችልኝና መለሰችልኝ።

«ምን ብለሽ አደረግሽው?» አልኋት።

«አንተ ትጠቀምበታለህ እንጂ አታውቀውም።»

«ባልሽ እኮ ነኝ!»

«ለዚያ ነው።»

ሰፈሩ ጸጥ አለ። የይበልጣል መስተዋት ተጠረገ፣ መላጣውም ወደየቤቱ ተበተነ። እሑድ ደረሰና የአያ ሞላን ድንጋይ ባዶዋን ሳይ ግን ሆዴን ቅር አለው። ጠርቼ ላስገባቸው አሰብሁ፤ ግን ቢጠይቁኝ ምን ልላቸው ነው? «በቤቴ ያለውን ቃል ሚስቴ አልነገረችኝም» ልበል? ዛሬ ነገ ስል ቀረ።

እዚህ ላይ አማቴን ላስተዋውቃችሁ። እማ ፈንታዬ ይባላሉ፤ ዓይናቸውን ለመታከም ከቡሬ መጥተው እኛ ቤት ሰንብተዋል። እኔና እሳቸው እንፈራራለን። እኔ ስገባ ነጠላቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ እሳቸው ሲገቡ እኔ ከወንበሬ እፈናጠራለሁ። እሳቸው እኔን «አንቱ»፣ እኔ እሳቸውን «አንቱ»... ሁለት «አንቱ»ዎች በአንድ ቤት ውስጥ በር ላይ ሲገናኙ ማን ይለፍ? አንዳንዴ እኮ «ይለፉ»፣ «ኧረ እርስዎ ይለፉ» ስንባባል ወጡ ያርራል!

በዚህ መሐል ከፈረስ ቤት ከተማ ወዲያ ካለው ገጠር የሙሉነሽ አክስት ማረፋቸው ተሰማ። ሙሉነሽ ጥቁሯን ለበሰችና ለመሄድ ተነሣች። እማ ፈንታዬ በዓይናቸው ምክንያት ቀሩ። ልትወጣ ስትል እናትና ልጅ ጓዳ ገብተው በአገውኛ ተንሾካሾኩ። ከሹክሹክታው መካከል አንዲት የማውቃት ቃል ጆሮዬ ጥልቅ አለች፤ «ዋይፋይ»! ቃሉን ለእናቷ አደራ እየሰጠች መሆኑ ነው። እንግዲህ ለንስሐ አባት የማይነግሩት ምስጢር ለእማ ፈንታዬ ይነገራል፤ ይህን አገር ያውቃል።

ሙሉነሽ ሄደች። የሄደችበት አገር ደግሞ ስልክ አይደርስም።

ወጌን የምልክበት ቀን ሲደርስ ኢንተርኔቱ እንደገና መጎተት ጀመረ። ይበልጣል በሩ ላይ ቁሞ ስቃዬን አየና ምክር ወረወረልኝ፤ «ስልኩ ላይ 'እርሳው' የሚል መጫኛ አለ፤ እሱን ተጫነውና እንደገና ግባ። ይፈጥናል።» የሰው ምክር እንደ ሰው ጫማ ነው፤ ሳይለኩት አይገቡበትም። እኔ ግን ዘው አልሁ። ስልኬን «እርሳው» አልሁት፤ ረሳው! ኮምፒውተሬንም «እርሳው» አልሁት፤ እሱም ታዛዥ ነውና ረሳው! ሰው ቂሙን እንዲህ በአንድ ጣት መርሳት ቢችል ኖሮ ይህች አገር ገነት ነበረች።

ከዚያ እንደገና ልግባ ብል፣ «የይለፍ ቃል?» አለኝ።

የሙሉነሽን ስም ሞከርሁ። እንቢ። የተጋባንበትን ቀን ሞከርሁ። እንቢ (በእርግጥ ቀኑን ራሱን ተሳስቼው ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለሙሉነሽ እንዳትነግሩብኝ)። የአማቶቼን በሬ ስም ሁሉ ሞከርሁ። ያም እንቢ። ወደ ሙሉነሽ ደወልሁ፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ...» አለችኝ ያች ስሜት የሌላት ሴትዮ። በዚያው ላይ አርታኢዬ ደወለ፤ እስከ ማታ ካልደረሰች ገጹን ለሌላ ሰው ሊሰጠው መሆኑን አስታወቀኝ።

ምርጫ አልነበረኝም። ጎንበስ ብዬ እማ ፈንታዬ ዘንድ ገባሁ። ነጠላቸውን ከፍ አደረጉ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ያች ሙሉነሽ የነገረችዎት ቃል...»

«የቷ ቃል የኔ ጌታ?»

«የዋይፋይዋ።»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«አልችልም። አደራ ነው።»

«እኔ እኮ ባለቤቱ ነኝ እማማ! ሣጥኗም ቤቱም የእኔ ነው።»

«ልክ ነዎት። ሣጥኑም የእርስዎ ነው፣ ቤቱም የእርስዎ ነው። ቃሉ ግን የልጄ ነው።»

አማት ላይ ድምፅ አይነሣም። ሁለት ጊዜ መጠየቅም ነውር ነው። እጅ ነሥቼ ወጣሁ፤ ወጥቼም ጓሮ ዞሬ አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ በእግሬ መታሁ። ግንዱ ምንም አልሆነም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔ ደግሞ ሽማግሌ ለመላክ ወሰንሁ። አትሳቁ! በእኛ አገር ከአማት የሚፈለግ ነገር ሁሉ በሽማግሌ ነው የሚጠየቅ። ልጅቱን የጠየቅሁት በሽማግሌ አይደለም እንዴ? ቃሉን በሽማግሌ ብጠይቅ ምን ነውር አለው?

መጀመሪያ አያ ሞላ ቤት ሄድሁ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነጭ ለብሰዋል፤ ፊታቸው ግን ዳምኗል።

«አያ ሞላ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ያች ድንጋዬ ደህና ናት?»

ያች ቃላቸው ወጋችኝ! በቀጥታ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አንገቴን ደፍቼ የመጣሁበትን ነገርኋቸው። ሲሰሙኝ ቆዩና ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ልጄ ወልዳለች። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ናት። ዛሬ ክርስትናዋ ነው፤ 'አባባ፣ በቪዲዮ አሳይዎታለሁ፣ እንደ ምንም ዋይፋይ ያለበት ይሂዱ' ብላኛለች። ከጧት ጀምሮ ልብሴን ለብሼ ቁጭ ብያለሁ። የት ልሂድ?»

ምን ልበላችሁ... የእኔ ወግ፣ የእኔ አርታኢ፣ የእኔ ገጽ ሁሉ በዚያች ደቂቃ ኢምንት ሁነው ታዩኝ። እኔ ቁልፍ ያበጀሁ ለመዝሙር አውራጁና ለአህያው ነበር፤ የዘጋሁት ግን አያትን ከልጅ ልጁ ነው!

«ይነሡ አያ ሞላ» አልሁ፤ «ሁለታችንም ጉዳይ አለን።»

ነገር አዋቂ ያስፈልጋል ብለን መንገዳችንን በመሪጌታ ፍሬው ቤት አደረግን። መሪጌታ አንደበታቸው የተባረከ ነው፤ ሰው አጣልተው እንኳ ተመርቀው ይመለሳሉ። ጉዳዩን ሲሰሙ ጋቢያቸውን አጣፉ።

«የሙሽራ ሽማግሌ ሁኜ አውቃለሁ፣ የደም ሽማግሌ ሁኜ አውቃለሁ። የዋይፋይ ግን የመጀመሪያዬ ነው። እንሂድ!»

ገባን። እማ ፈንታዬ ደንግጠው ተነሡ።

«ይቀመጡ እንጂ፣ ይቀመጡ!»

«አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ፤ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

ሽማግሌዎቹ ስለቆሙ እማ ፈንታዬም ቆሙ። እኔ እንደ ሙሽራ በር ላይ ተለጥፌያለሁ።

«እሜቴ» ብለው ጀመሩ መሪጌታ፤ «ከእርስዎ ዘንድ አንዲት በክብር የተቀመጠች ቃል አለች። ማንም አላያት፣ ማንም አልሰማት። ልጃችን ደግሞ ያለ እሷ መኖር አቅቶት፣ ናፍቆቷ እህል ውሃ ከልክሎት፣ ቢጨንቀው እኛን አባቶቹን ላከን። ቃሏን ለልጃችን ይስጡልን፤ በክብር ይይዛታል።»

እማ ፈንታዬ ነጠላቸውን ከፍ አደረጉ። ከነጠላቸው ሥር ግን አንዲት ፈገግታ ሾልካ ስታልፍ አየሁ። እኒህ ሴትዮ ለካስ ቀልድ አዋቂ ናቸው!

«ልጃችሁ ማነው?» አሉ፣ እኔ በር ላይ ቁሜ እያዩኝ።

«ጨዋ ልጅ ነው» አሉ መሪጌታ።

«ሥራስ አለው?»

«ይጽፋል።»

«መጻፍስ ደግ ነው። ሥራውን ነው የጠየቅሁ።»

አያ ሞላ ሳላቸው መጣ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «በእሱ ነው የሚያድር» አሉ።

«ጠጪ ነው?»

«በዓመት በዓል ብቻ።»

«ወሬኛስ?»

መሪጌታ ጣራውን አዩ። አያ ሞላ ጫማቸውን አዩ። ያ ሁሉ ምላስ፣ ያ ሁሉ ቅኔ የት እንደገባ እንጃ! እማ ፈንታዬ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲህ እናንተም አባቶቼ ናችሁ፣ አላፍራችሁም፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ልጄ 'ለማንም እንዳትነግሪ' አላለችኝም።»

እኔ ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመድሁ።

«'ለእሱ እንዳትነግሪው' ነው ያለችኝ።»

አያ ሞላ ቀና አሉ። «ለእኛስ?»

«ለእናንተማ ማን ከለከለ?»

«ታዲያ እማ ፈንታዬ፣ ይህን ሁሉ ቀን አይነግሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ወዲያው ሁለቱም ሽማግሌዎች ዘና ብለው ተቀመጡ! ከዚያ ሦስቱም ዘወር ብለው አዩኝ። ገባኝ። ከገዛ ቤቴ ወጣሁ። ደጁም ቅርብ ነው ተብሎ ከአጥሩ ውጭ እንድሆን ተጨመረብኝ።

የአያ ሞላ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ይበልጣል ከሱቁ ብቅ አለ።

«ምን ሁነህ ነው እዚህ?»

«ዋይፋይ እየጠበቅሁ።»

ከውስጥ መጀመሪያ ሹክሹክታ ተሰማ። ቀጥሎ የአያ ሞላ ሳቅ ፈነዳ። ሳቅ ብቻ መሰላችሁ? ጠረጴዛ መታ መታ የሚያደርግ፣ እንባ የሚያስወጣ ሳቅ! ወዲያው ደግሞ ለመሪጌታ ወደ አማርኛ ሲተረጉሙላቸው መሆን አለበት፣ መሪጌታም «ይቅር ይበለኝ! ይቅር ይበለኝ!» እያሉ ተንከተከቱ። ቃሉ የአገውኛ ቃል ነው ማለት ነው። አስቂኝ ነው ማለት ነው። እና... ማንን የሚመለከት ይመስላችኋል?

ሳቁ ሲበርድ ጠብ ተነሣ። ለካስ እማ ፈንታዬ ቃሉን በአፍ እንጂ በጽሑፍ አያውቁትም፤ ሣጥኗ ደግሞ የምትቀበለው በእንግሊዝ ፊደል ነው።

«በ'ኬ' ነው የሚጻፍ» ይላሉ መሪጌታ።

«ከጉሮሮ የሚወጣ ነው እኮ መሪጌታ፣ በ'ኪው' ነው!»

«አንድ 'ኤ' ይበቃዋል!»

«እንዴት ይበቃዋል? ሲጎተት አይሰሙም? እማ ፈንታዬ፣ እስቲ ደግመው ይበሉት!»

ደግመው አሉት፤ ደግመው ሳቁ። በመጨረሻ የእማ ፈንታዬ እልልታ ቀለጠ! አላስቻለኝም፤ ሮጬ ገባሁ።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በጣሳ ተደግፎ ቁሟል። ከስልኩ ውስጥ የአያ ሞላ ልጅ ነጭ ለብሳ፣ ነጭ የተጠቀለለች ሕፃን ታቅፋ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። አያ ሞላ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«አባባ፣ ትታይዎታለች?»

«ትታየኛለች...» አሉ። ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው ደገሙት። «ትታየኛለች። አፍንጫዋ... አፍንጫዋ የእናቴ ነው እኮ!»

እማ ፈንታዬ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው በአገውኛ መረቋት። ሕፃኗ ትንሿን አፏን ከፍታ አዛጋች። መሪጌታ ቅድም ያን ያህል ሲስቁ የነበሩት ሰውዬ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። እኔም... ተዉት፣ አቧራ ነው።

ጥሪው ሲያበቃ የእኔ ተራ ደረሰ። «ፊትህን አዙር» ተባልሁ። ዞርሁ። አላመኑኝም፤ ኮምፒውተሬን ጋቢ ውስጥ አስገብተው፣ ሁለት ሽማግሌ ከጋቢው ሥር ገብተው፣ የጥንት መኳንንት ሲበሉ እንደሚጋረዱት ተጋርደው ጻፉልኝ። ወጌ ሄደች! አርታኢዬም ደወለ፤ «ዛሬስ በፈረስ መጣች» አለኝ።

ሽማግሌዎቹን ልሸኝ ስወጣ አያ ሞላን ጎተት አደረግኋቸው።

«አያ ሞላ፣ ቃሉን አልጠይቅዎትም። ትርጉሙን ብቻ። ስድብ ነው?»

«ኧረ ስድብስ አይደለም።»

«ሙገሳ ነው?»

«ሙገሳም አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

አሰቡ፣ ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ፣ ከንፈራቸውን ነከሱ።

«ልክ ነው» አሉኝና ሄዱ።

ሙሉነሽ ከለቅሶ ስትመለስ ሁሉንም ሰምታ ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም። አያ ሞላ እሑድ እሑድ ቤት ገብተው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከልጅ ልጃቸው ጋር እንዲጫወቱ ወሰነች። የሚገርማችሁ ቃሉ እስከ ዛሬ አልወጣም። አያ ሞላ አልተነፈሱም፣ መሪጌታም አልተነፈሱም። ይበልጣል በነጻ እየቆረጣቸው እንኳ አልተነፈሱም! ያንን መጀመሪያ ላይ ስለ ወንድ ያልሁትን አሻሽዬዋለሁ፤ ወንድ ይችላል፣ ያልቻልሁት እኔ ነኝ።

እኔስ? እኔማ አገውኛ መማር ጀመርሁ! ቋንቋውን ካወቅሁ ቃሉን አንድ ቀን አገኘው የለ? እማ ፈንታዬን «ያስተምሩኝ» ብላቸው ደስታቸው ወሰን አጣ። ቡሬ ድረስ ደውለው፣ «አማቼ ቋንቋችንን ወዶ ሊማር ነው» ብለው ለዘመድ ሁሉ አበሠሩ። ዘመድም ማር ላከልኝ። ማሩን ስልስ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል፤ ቢሆንም ላስሁት። በቀን የተማርኋቸውን ቃላት ጓዳ ገብቼ ሣጥኗ ላይ እሞክራቸዋለሁ። «ውሃ» ብዬ ሞከርሁ፣ «በሬ» ብዬ ሞከርሁ፣ «አህያ» ብዬም ሞከርሁ፤ በዚህኛውስ ተስፋ ነበረኝ። አልከፈተችም።

ግን ሳላስበው አንድ ነገር ሆነ። አንድ ቀን ምሳ ላይ እናትና ልጅ እንደ ልማዳቸው በአገውኛ ሲጫወቱ እኔም ሳቅሁ። ሁለቱም ጉርሻቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ትክክለኛው ቦታ ላይ ነበር የሳቅሁት! ስለ እኔ ማንኮራፋት ነበር የሚያወሩት። ከዚያ ወዲህ እማ ፈንታዬ ነጠላቸውን ብዙም ከፍ አያደርጉም፤ በር ላይም «ይለፉ» መባባሉ ቀንሷል። ጧት ጧት በአገውኛ ስላደጉበት ቀዬ፣ ስለ ሟች ባላቸው ያጫውቱኛል፤ ግማሹ ይገባኛል፣ ግማሹን ከፊታቸው አነባለሁ።

በዚህ ልቤ ደፈረና ባለፈው ሰሞን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አዘጋጀሁ። ለቀናት ብቻዬን ተለማመድሁት። ከዚያ ፊታቸው ቀረብሁና፣ «እማማ፣ የዋይፋዩ ቃል ምንድን ነው?» ብዬ በአገውኛ ጠየቅኋቸው።

ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። አንዷን ቃል አረሙኝ። ደግሜ ጠየቅሁ። አንዷ ድምፅ ከጉሮሮ መውጣት እንዳለባት አሳዩኝ፤ ከጉሮሮ አወጣኋት። ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቃቸው ግን አንዲት ስሕተት አልነበረባትም፤ የቡሬ ሰው የተናገራት ነበር የምትመስለው። እማ ፈንታዬ በደስታ አጨበጨቡልኝ፤ ትከሻዬንም መታ መታ አደረጉ። ከዚያ በአገውኛ መለሱልኝ፤ አስተርጓሚ ሳልፈልግ፣ አንድ ቃል ሳይቀር ገባኝ፦

«አሁን አጠያየቅዎ ልክ ሆነ፤ መልሱ ግን ያው ነው!»